መልስ የማይፈልግ ጥያቄ

ባል ታጋሽ ሰው ነው። ይህን ከራሱ አፍ ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም።

የእንግሊዝኛው ፈተና ነገ ጠዋት ነው። በማታው ኮሌጅ በዚሁ አንድ ትምህርት ሦስት ጊዜ ተወድቋል፤ የነገው አራተኛውና የመጨረሻው ነው። ካልታለፈ ዲፕሎማ የለም። ያለ ዲፕሎማ ደግሞ ባልና ሚስት በሚሠሩበት ልብስ ፋብሪካ ዕድገት አይታሰብም፤ እሱ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ እሷ ስፌት ክፍል እንደተጎለቱ ጡረታ መውጣት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚስት የስፌት መኪናዋን ከድና ደብተሩን ዘረጋች። ባል ሶፋው ላይ እግሩን ሰቅሏል።

«ይሄ ‹ዲክሽን› የሚሉት ምንድን ነው?» አለች።

ባል በረጅሙ ተነፈሰ። የታጋሽ ሰው አተነፋፈስ ነበር። «ይሄንም አታውቂም?»

«ባውቀው እጠይቅሃለሁ?»

«አምጪው ወዲህ!» ደብተሩን ነጥቆ አንድ ገጽ አነበበ፤ ከዚያ ከሆዱ እንዳወጣው ሁሉ ያስረዳ ጀመር። «የቃላት ምርጫ ነው። እህትሽን ‹ከሲታ› ብላት ታኮርፋለች፤ ‹ሸንቃጣ› ብላት ቁርስ ትጋብዘኛለች። አጥንቱ ያው ነው፤ ቃሉ ነው የተለየው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እህትየዋ፣ በሩ አጠገብ ሽንኩርት እየላጠች።

«‹ሲሚሊ›ስ?» አለች ሚስት።

«‹እንደ› ካለበት ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ ከሌለበት ተለዋጭ።»

ሚስት አሰበች። «‹እንደምን አደርክ›ስ?»

ባል ከሶፋው ተነሣ። «ሰላምታ ነው! ምን ከምን ጋር ተነጻጸረ? ሁለት ነገር ይፈለጋል፣ ሁለት!» ሁለት ጣቱን አፍንጫዋ ሥር አቆመ። «ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ!»

«ዛሬ ገና መጀመሪያህ ነው።»

«እሱ ነው ግነት ማለት! ሃይፐርቦል! ጻፊው!»

ከሶፋው ድረስ እንዲነበብ አድርጋ በትልቁ ጻፈችው።

«ለመሆኑ ጭንቅላት አለሽ?»

«አለኝ።»

«አትመልሺ! መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ነው። እሱም ዘይቤ ነው፤ ገጽ አርባ ላይ አለ።»

«የታል?»

ፈልጎ አሳያት። አርባ ሁለት ላይ ነበር፤ እግረ መንገዱን አርባንና አርባ አንድንም አነበበላት።

«‹ብርጭቆው ተሰበረ› ይላል እዚህ» አለች። «ማን ሰበረው?»

«ተደራጊ ነው። የሠራውን ሰው መጥራት ካልተፈለገ እንዲህ ይባላል።»

«ትናንት አንተ እንዳልከው?»

እህትየዋ ሳቀች። ባል ሰምቶ እንዳልሰማ ገጽ ገለጠ። «ቀጥሎ ምጸት። አንድ ነገር ብለሽ ተቃራኒውን ማለትሽ ነው። ለምሳሌ፣ አንቺ እንዴት ያለሽ ጎበዝ ነሽ!»

«ገባኝ። አንተ እንዴት ያለህ ታጋሽ ነህ!»

«እንደሱ!» አለ ደስ ብሎት። ትንሽ ቆየና ፊቱ ተቀየረ። «አይ፣ እሱ እውነት ስለሆነ ምሳሌ አይሆንም።»

ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ሲገቡ እህትየዋ ልትፈነዳ ደርሳ ነበር። «ይሄን ሁሉ ስድብ እንዴት ቻልሽው? እኔ ብሆን ደብተሩን አናቱ ላይ ነበር የምከሰክሰው።»

«ስድቡ የነገን ፈተና ያህል አይከብድም።»

«አራተኛውም ከከሸፈስ?»

ሚስት ሽንኩርቱን መክተፏን አቆመች። «ከከሸፈማ አለቀ። ስድቡን እችላለሁ፤ ብቻ ይለፍ።»

ተመልሳ ሄደችና ስለ ‹እንደ› እንደገና ጠየቀችው። ጮኸባት፤ እንደገናም አስረዳት። አራት ጊዜ ጠየቀች፤ አራት ጊዜ አስረዳ። በአራተኛው ደብተሩን አላየም።

በማግስቱ ጠዋት ተያይዘው ወደ ኮሌጁ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ጠየቀችው፤ መንገዱን ሁሉ ተቆጣት። አንዱንም አልሳተም።

በሩ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ባል ከንፈሩ ደርቋል። «አትደንግጪ» አላት።

«እሺ» አለች።

ተራቸው ሲደርስ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «የተፈታኝ መታወቂያ።»

ባል ከደረት ኪሱ አውጥቶ አሳየና ገባ፤ ሚስት ወደ ቤቷ ተመለሰች።