ጋቢው ውስጥ የተቀመጠው ሰው

"ጋቢዬስ?" አለ ደግሰው ሚስቱን።

እናትነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ደግሰው ጋቢው ሲጠፋበት ይኸ ሦስተኛው ሐሙስ ነው። ጠዋት ይጠፋል... ከሰዓት ተጣጥፎ ቦታው ይገኛል።

ሚስቱ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ሰቆጣ፣ ጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው አዳራሽ ነው የምትውለው። አንዲት ባለሙያ መጥታ ሐዘንተኞችን ሰብስባ ድራማ ታሠራለች... ለሐዘን መድኃኒት ነው አሉ።

የምን መድኃኒት? የሰው ልብስ የሚወሰደው ለመተት ነው እንጂ!

ጎረቤቱ የሻምበልም አላስቀመጠው። "ሚስትህ ተዋናይ ሆነች አሉ... ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ማን ይሆን?"

ደግሰው ሆዱ የሚያውቀው ነገር አለ። ልጃቸው መስከረም ወደ አምደወርቅ ስትሄድ መኪና ተገልብጦ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። "ዛሬውኑ ሂጂ" ብሎ የላካት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እናትነሽ የልጅቱን ስም አንስታ አታውቅም።

ጠልታኛለች... ልትተወኝ ነው አለ በልቡ።

ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ገብረ ጻድቅ ነገራቸው። "ጸልይ ልጄ" ብለው ዓይናቸውን መለሱ።

እሳቸውንም ጠረጠረ!

ዛሬ ግን ዱላውን ይዞ ተከተላት...

በአዳራሹ መስኮት አጮልቆ ሲያይ፣ የሱን ጋቢ እስከ ራሱ የተከናነበ ወንድ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እናትነሽ እግሩ ሥር ተንበርክካለች።

ደሙ ፈላ። በሩን በርግዶ ሊገባ ሲል ድምጿን ሰማ...

"ደግሰው... ያን ጠዋት መስከረም 'እማ አሞኛል፣ አልሄድም' ብላኝ ነበር። አባትሽ ይቆጣል ብዬ ያስነሣኋት እኔ ነኝ። አንተ ራስህን ስትረግም እያየሁ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።"

ዱላው ከእጁ ወደቀ፤ በሩን ገፍቶ ገባ።

ሁሉም ዞሩ። ባለ ጋቢውም ተገለጠ...

መምሬ ገብረ ጻድቅ!

ለካ እናትነሽ ፊት ለፊት ልትነግረው አቅም ቢያጥራት፣ እሱን የሚሆንላት ሰው አስቀምጣ ስትለማመድ ኖሯል። መምሬም ዝም ያሉት የንስሐ ምስጢር ይዟቸው ነው።

ጋቢውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

"ቦታው ያንተ ነው፣ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ።

ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው። "መስከረም..." አለ።

ሁለት ዓመት የታፈነው የሁለቱ ለቅሶ ያኔ ወጣ።

ወገኖቼ፣ ለእግዚአብሔር የነገርነውን ለጉዳዩ ባለቤትም መንገር አለብን። ቤት ውስጥ ዝም የተባለ ነገር ጥርጣሬ ሆኖ ይበቅላል።

እስቲ በእውነት ንገሩኝ... እናንተ ደግሰውን ብትሆኑ፣ ያን ቃል ሰምታችሁ በርጩማው ላይ ትቀመጡ ነበር ወይስ ጋቢያችሁን ይዛችሁ ትወጡ ነበር?