በሰው ጎተራ የተቀመጠ መዝገብ

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት። ንጋት ላይ የወረደው ጉም መሐል ሜዳ ከተማን ውጦ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከገበያው፣ ገበያውን ከመናኸሪያው ለይቶታል። ዝናብ አልዘነበም፤ ነገር ግን ያልራሰ ነገር አልነበረም።

በበግ አርቢዎች ማኅበር አዳራሽ አሥራ ስምንት አባላት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የቆመው ይሥሐቅ የተባለ ወጣት የኮምፒውተር አሠልጣኝ ነው። የመጣው ከደብረ ብርሃን ሲሆን፣ የሚያስተምረውም ክላውድ ስለሚባለው ነገር ነበር።

«ክላውድ ማለት ደመና ማለት ነው» አለ ይሥሐቅ። «ግን የሰማዩ ደመና አይደለም። አንድ ሰው አይጥ የማይደፍረው፣ እሳት የማይነካው ትልቅ ጎተራ ሠራ እንበል። እናንተ ከዚያ ላይ የሚበቃችሁን ያህል ቦታ ትከራያላችሁ። ጎተራው የእሱ ነው፤ እህሉ የእናንተ፤ ቁልፉም በእጃችሁ። የትም ሆናችሁ በስልካችሁ ትከፍቱታላችሁ። ማኅበራችሁ ውድ ማሽን መግዛትም፣ እሱን የሚጠብቅ ባለሙያ መቅጠርም ቀረለት።»

«እህሉን በሰው ጎተራ የሚያኖረው የትኛው ጅል ገበሬ ነው?» አሉ ከኋላ የተቀመጡት አቶ ኪዳነ።

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አቶ ኪዳነ የማኅበሩ መዝገብ ያዥ ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጋጣ ጋጣ እየዞሩ፣ የተወለደውን ግልገል ሁሉ የጆሮ ቁጥሩን፣ አባቱንና እናቱን በስድስት ወፋፍራም መዝገቦች ጽፈዋል። የትኛው አውራ በግ ከየትኛዋ ሴት በግ ጋር መገናኘት እንደሌለበት የሚያውቁት እነዚያ መዝገቦች ብቻ ነበሩ። ወንድም ከእኅቱ ከተገናኘ ዘሩ ይደቅቃል፤ ዘሩ ከደቀቀ ማኅበሩ ያበቃለታል። ዓምና ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች መዝገቡን አንዴ እንያው ብለው ሲለምኑ፣ አቶ ኪዳነ በዱላ አባረዋቸዋል።

ይሥሐቅ ግን በሊቀ መንበሩ በአቶ ወሰኔ ፈቃድ፣ የስድስቱን መዝገቦች ገጾች አንድ በአንድ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ደመናው ላይ ጫናቸው። በእያንዳንዱ ብልጭታ አቶ ኪዳነ እንደ ተመታ ሰው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር።

ሲጨርስ ወደ እሳቸው ተመለሰ። «ጋሼ ኪዳነ፣ አሁን ቁልፉን እናብጅ። የይለፍ ቃሉ ቢጠፋብዎ ማንነትዎን የሚለይበት ጥያቄ አለው። የእናትዎ ስም ማን ይባላል?»



«የእናት ስም የሚጠይቀው ጠንቋይ ነው» አሉ አቶ ኪዳነ፣ ቀስ ብለው። «ማን ነው የላከህ?»

«አንተ ሰው!» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ እታገኝ። «የስንቷን ግልገል እናት አሥራ ሦስት ዓመት ስትጠይቅ፣ ማን ጠንቋይ አለህ?»

ሳቁ ጣራውን ነካ። ወይዘሮ እታገኝ ግን ወዲያው ኮስተር ብለው ወደ ይሥሐቅ ዞሩ። «ልጄ፣ ወረቀቱን ሌባ ቢወስደውስ?»

«ምንም አይጎድልባችሁም፣ እትዬ። ሁሉም ደመናው ላይ አለ።»

ወይዘሮ እታገኝ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የዚያን ዕለት አቶ ኪዳነ እህል አልቀመሱም። መዝገቦቹን ቤታቸው ወስደው በሣጥን ቆለፏቸው። «ያ ልጅ ዓይኑ ጥሩ አይደለም» አሉ። «ሌባ ያየውን አይረሳም፤ ለሣጥኑም ይመለሳል። እንግዲህ እንቅልፍ የለኝም።» ቁልፉንም ለባለቤታቸው ሰጡ። «ከአንቺ በቀር የማምነው የለም።»

በማግስቱም ጉሙ አልተነሳም። የወሩ ሚካኤል ነበርና አቶ ኪዳነ ለቅዳሴ ሄዱ፤ ወይዘሮ እታገኝ የቤት ሥራ አለብኝ ብለው ቀሩ።

ከቅዳሴ መልስ በመናኸሪያው አጥር ሥር ሲያልፉ የይሥሐቅ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። በስልክ ያወራል።

«ሁሉንም ይዣለሁ። እንዴት በርካሽ እንዳገኘሁ ብነግርህ አታምንም። ማታ እጅህ ይገባል።»

አቶ ኪዳነ ጮኹ። ሰው ግር ብሎ ወጣ፤ አቶ ወሰኔም እየሮጡ ደረሱ። የይሥሐቅ ከረጢት ተፈተሸ። ለወንድሙ የገዛቸው ሦስት አዳዲስ ባናዎች እንጂ ሌላ ነገር አልተገኘበትም።

«ብርድ ልብስ ነው እኮ» አሉ አቶ ወሰኔ፣ አፍረው።

«የዛሬ ሌባ በከረጢት አይሸከምም! ከደመናው ላይ ያውርድልን! ይደምስሰው!» አሉ አቶ ኪዳነ።

የይሥሐቅ ፊት ገረጣ። «ጋሼ፣ የራሳችሁ ንብረት እኮ ነው።»

«ደምስስ አልኩህ!»

ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች አንድ እርምጃ ቀረቡ። ይሥሐቅ በስልኩ ያለውን ደመሰሰ፤ በደመናው ያለውንም ደመሰሰ። «የተደመሰሰው ሠላሳ ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል» አለ። «ሐሳባችሁን ብትቀይሩ…»

«ቅርጫቱንም አራግፈው።»

«ካራገፍኩት እኔም፣ ባለ ጎተራውም ልንመልሰው አንችልም።»

«እሱንማ ነው የምፈልገው።»

ይሥሐቅ አቶ ወሰኔን አያቸው። አቶ ወሰኔ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኩን ነክቶ ቅርጫቱን አራገፈ፤ ከዚያም ማንንም ሳይሰናበት አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

አቶ ኪዳነ ቀንበር እንደ ወረደለት በሬ ቀለል ብሏቸው ቤታቸው ደረሱ።

«እታገኝ! ተገላገልን! ቁልፉን አምጪልኝ፤ መዝገቦቼን በዓይኔ ልያቸው።»

ወይዘሮ እታገኝ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ ፈገግ ብለው ከጓዳ ወጡ። «ከእንግዲህ እፎይ ብለህ ተኛ። ሌባ መጥቶ የሚወስደው ወረቀት የለህም፤ ጧት ሁሉንም አቃጠልኩልህ።»

ከአሥራ ሦስቱ ዓመት የዘር መዝገብ አንድም ገጽ አልተረፈም።