ጥቁሩና ቡኒው

ሁለቱንም በአንድ ጋሪ ጭነው ነው ያመጧቸው። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ትታ ሮጠች፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረሰችባቸው። አንደኛው ባሏ ነው። ሌላው እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሷው ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሰፈሩ «ፌንጣ» ይለዋል።

ኮረብታው ላይ የአጥር ድንጋይ ሲያነሱ ከአንድ ድንጋይ ስር ሁለት እባቦች ወጡ። ጥቁሩ ባሏን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነደፈው። ቡኒው ፌንጣን እጁ ላይ።

የባሏ እግር እስከ ጉልበቱ አብጦ ሱሪውን በመቀስ ቀደዱት። ፌንጣ ግን በእግሩ ነው የገባው።

«እትዬ፣ አታልቅሺ» አላት። «እሱን ጥቁር ሱፍ የለበሰው አለቃ ነው የነከሰው። እኔን ካኪ የለበሰው ዘበኛ።»

ነርሷ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አንዲት ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የእባብ መርዝ ማርከሻ ያለን ይቺው ናት። ሌላ ከከተማ እያመጡልን ነው፤ መኪናው ግን አራት ሰዓት ይፈጅበታል።»

«አካፍያቸዋ!»

«ግማሹ ማንንም አያድንም። የማን እባብ ነው ጥቁሩ?»

ጥቁር ይገድላል፣ ቡኒ ያስደነግጣል። በዚያ አገር ማንኛውም ልጅ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ይሰማል። ነርሷም ብትሆን አምና አንዲት ሴትዮ ቡኒ ነክሷት፣ ቁስሏን አጥባ ሸኝታት፣ ሴትዮዋ በማግስቱ ሥራ ገብታለች።

«ለልጁ ስጡት» አለ ባሏ ጥርሱን ነክሶ።

«ኧረ ተወኝ አማቼ! በቡኒ እባብ መድኃኒት ወሰደ ተብዬ ሰፈር ውስጥ ልኖር ነው?» ፌንጣ የእጅ ሰዓቱ ስለጠበቀው ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ጋሪ ነጂው ሳቀ።

ነርሷ «ወስኚ» አላለቻትም። ግን ሁሉም አፍ አፏን ያያል። ባልና የእናት ልጅ፤ አንዱ ጎኗ፣ አንዱ ሆዷ።

«ለባሌ» አለች።

መድኃኒቱ ገባ። አንድ ሰዓት ሙሉ ለውጥ የለም። እብጠቱ ጭራሽ ወደ ታፋው ወጣ። ባሏ ባቃሰተ ቁጥር የምትይዘውን የምትጨብጠውን ታጣለች። ብልቃጡን ከቆሻሻ መጣያው አውጥታ ቀኑን አነበበች። አላለፈበትም። ታዲያ ለምን አልሠራም? ነርሷ ውሃ ቀላቅላበት ይሆን? ደህናውን ለዘመዶቿ ደብቃ ይሆን? ሳታስፈቅድ ማቀዝቀዣውን ከፍታ በረበረችው። የሕፃናት ክትባት ብቻ ነው።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» አለች ነርሷ።

«ባሌን አድኚልኝና ይቅርታ እጠይቅሻለሁ!»

ፌንጣ ጥግ ካለው አልጋ ላይ ሆኖ ያወራል።

«ከንፈሬ ደነዘዘ።»

«ወሬ ስታበዛ ነዋ» አለው ጋሪ ነጂው።

ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው። ጋሪ ነጂው ባልዲ እያቀረበለት፣ «አንተማ መርፌ አይተህ የምትወድቅ ፈሪ፣ ዛሬ ደግሞ እባብ አይተህ!» አለው። ፌንጣም ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር።

«እትዬ» አለ። «እትዬ፣ ውሃ።»

«አንተ ደግሞ! ሰውዬው እየሞተብኝ ነው እኮ! እስቲ አንዴ ዝም በልልኝ!»

ዝም አለላት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የባሏ ትንፋሽ ረጋ። ላቡ ደረቀ። ዓይኑን ገልጦ፣ «አለሽ?» አላት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ሳቀች። ነርሷን እጇን ይዛ ሳመቻት። ከዚያ ለወንድሟ ልትነግረው ዞረች። ፌንጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል።

«አትቀስቅሺው» አለች ነርሷ። «ድንጋጤው ነው ያደከመው።»

እጁን ስትነካው ቀዝቃዛ ነው፤ ሹራቧን አውልቃ ቀስ ብላ ደረበችለት።

በሩ ተበረገደ። የገባው ኮረብታው ላይ ያሉትን እባቦች እየያዘ፣ በየቀለማቸው እየመዘገበ የሚለቃቸው የሳይንስ አስተማሪ ነው። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ክዳን ያለው ጣሳ ደረቱ ላይ ታቅፏል።

«ቡኒዋን ያዝኳት» አለ እያለከለከ። «መድኃኒቱን ለማን ሰጣችሁት?»

«ጥቁሩ ለነከሰው ነዋ» አለች ነርሷ።

አስተማሪው ጥግ ወዳለው አልጋ ዞር ብሎ አየ። ጣሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን አነሳ።

ቡኒዋ እባብ መንገድ ላይ እዚያው ጣሳው ውስጥ ወልዳ ነበር፤ ከዘጠኙ ልጆቿ አራቱ ጥቁር ናቸው።