ከሲሚንቶ ወረቀት የተሠራ ፊት

የሥዕሉ ግንባር እንደገና ተነሳባት። በአውራ ጣቷ ደፈጠጠችው፣ ተነሳ። ደፈጠጠችው፣ ተነሳ። እርጉም ወረቀት! ስንት ሲሚንቶ የተሸከመ ከረጢት መች ለኮላ ይገዛል? ሥዕሉን ወደ ኤግዚቢሽን የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሞ ክላክሱን ያስጮኻል። እሷ ደግሞ ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው።

ወረቀት ስትቆርጥና ስትለጥፍ ወር አልፏታል። የአባቷን ፀጉር ከጋዜጣ፣ ሸሚዙን ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ፣ ፊቱን ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲቀድ ከኖረው የሲሚንቶ ከረጢት ሠራችው። ሐሳቧን የሰማ ሁሉ አጨብጭቦላታል። ዛሬ ባለፊቱ ራሱ፣ ጡረታ የወጣው ግንበኛ፣ መጥቶ ሥዕሉ ፊት ተገትሯል። እሱ ካልወደደው ኤግዚቢሽኑም ገደል ይግባ!

«አባዬ፣ በሞቴ አንድ ነገር በል።»

«ምን ልበል? አበጀሽ።»

«ይቺ ‹አበጀሽ› ሰው ስትታዘብ የምትላት ናት።»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄን አቧራ ስንት ዓመት ከላዬ ላይ ሳራግፍ ኖሬ፣ መልሰሽ ፊቴ ላይ ትለጥፊብኝ?»

ክው አለች። አልቅሺ አልቅሺ አላት። «ሥራህን ላከብር ብዬ እኮ ነው!»

«ማክበርሽንማ አየሁ። ግን ይሄ ሥራ ቦታ ፎርማኑ የሚያውቀው ሰውዬ ነው።»

ይህን ብሎ የብጥስጣሽ ወረቀቷን ካርቶን ይበረብር ጀመር። የከረሜላ ልጣጩ፣ የአውቶቡስ ቲኬቱ ወለሉን ሞላው። «ምን ፈልገህ ነው? ኧረ አትበትንብኝ!» ሰሚ የለም። ጨምዳዳ፣ ሮዝ የሳሙና መጠቅለያ መዘዘ፤ በወፍራም ጣቱ ኮላ ዛቀ። እጁን ልትይዘው ዳድቷት ከንፈሯን ነከሰች። ጠፍ! የሥዕሉ ጉንጭ ላይ ለጠፈው፤ ያውም አጣሞ። ወይ ቀለሙ አልሄደ፣ ወይ መስመሩ አልገጠመ።

«ከሥራ ስገባ ልትጠመጠሙብኝ ስትሮጡ ‹ወግዱ፣ አቧራ ነኝ!› ብዬ አባርራችሁ አልነበር?» አለ። «ቧንቧው ሥር ፊቴን ሳልፈገፍግ መች አስነካችሁ ነበር?»

ወር ሙሉ ያልቆመች ሴት፣ አሁን ቀጥ አለች።

አባቷ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ሰጣት።

«በይ ሳሚኝ፤ ታጥቤያለሁ።»