አንድ እምቢታ

በፈረንጆቹ 1870 የካቲት ላይ የሎስ ኡቬሮስ ከተማ ወንዶች አገራቸው ዶሚኒካን ወደ አሜሪካ ትጠቃለል ወይስ አትጠቃለል ተብለው ተጠየቁ። ጸሐፊው ኤቫሪስቶ ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ የመጣውን ሰው ስም ይመዘግባል፤ ከስሙ ጎን ‹አዎ› ወይም ‹እምቢ› ይጽፋል። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ቆመዋል። እምቢ የሚል አልተገኘም።

ጠዋት የወታደሮቹ አዛዥ ኮሎኔሉ ብቅ ብሎ ነበር።

«ስማ ኤቫሪስቶ፣ ይህን መዝገብ ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች ያዩታል። ሁሉም አዎ፣ አዎ ከሆነ ይስቁብናል። አንድ ሁለት ቂል መቼም አይጠፋም፤ እነሱንም ጻፋቸው። ማንም አይነካቸውም፣ እናቴ ትሙት!»

ቂሉ ማን እንደሚሆን ከተማው ያውቃል። ጀልባ ሠሪው ቤሊሳሪዮ ከእስፓኝ ጋር በተደረገው ጦርነት ሁለት ጣቱን ካጣ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መጠጥ ቤት ውስጥ «አንዱን ጌታ ያባረርነው ሌላ ልንቀጥር ነው?» ሲል ከርሟል። የኤቫሪስቶን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳትም እሱ ነው።

ቤሊሳሪዮ የመጣው ወታደሮቹ ውጭ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ምሳ ሲበሉ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ አንዲት ቃል ተናገረ። ኤቫሪስቶ ቀና ብሎ አየው።

«አምስት ልጆች እንዳሉኝ አትርሳ፣ አበልጄ» አለና ቤሊሳሪዮ ወጣ።

ኤቫሪስቶ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ፤ ደግሞ ነከረ። ከዚያ ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች ጀልባ መሥሪያው ድረስ መጡ። ቤሊሳሪዮ እጁ ሬንጅ በሬንጅ ሆኖ ወጣ።

«እምቢ ያልከው አንተ ነህ?»

አፉን ከፈተ። ዙሪያውን ቢያይ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀለት። ቤሊሳሪዮ አፉን ዘጋና ደረቱን ነፍቶ ከወታደሮቹ ጋር ወደ እስር ቤት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ፊቱን በኤቫሪስቶ ላይ አዞረ። ዓሣ ሻጯ ገበያ መሃል ያዘችው።

«አንዲት ቃል መለወጥ አቃተህ? ማን ያይህ ነበር? አበልጅህ እኮ ነው!»

ኤቫሪስቶ በቀጥታ ኮሎኔሉ ዘንድ ሄደ።

«ማንም አይነካቸውም ብለው ምለውልኝ ነበር!»

«በእናቴ ነው የማልኩት» አለ ኮሎኔሉ፤ «እሷ ደግሞ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው።»

ኤቫሪስቶ በየቅዳሜው የካሳቫ ቂጣና የደረቀ ዓሣ ይዞ የቤሊሳሪዮን በር ያንኳኳል። ሚስቱ ቶማሳ አትከፍትም። ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። መቁረብ ተወ። የክርስትና አባቷን በእጁ ያሳሰረ ይመስል የገዛ ልጁን ዓይን ማየት ከበደው። ቄሱ «መዝገብ መጻፍ ኃጢአት አይደለም» ቢሉት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በሐምሌ፣ የአሜሪካ ሴናተሮች የመጠቃለሉን ውል ጣሉት የሚል ወሬ በመርከብ መጣ። በነሐሴ ቤሊሳሪዮ ተፈታ። ከስቷል፤ ያስለዋል። ሕዝቡ ከወደቡ እስከ አደባባይ በትከሻው ተሸክሞ ወሰደው። ብቻውን እምቢ ያለው ሰው! ቶማሳ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ አምስቱ ልጆች እግሩን ይዘው አይለቁም።

ኤቫሪስቶ ሰዉን እየገፋ መጥቶ እግሩ ሥር ተንበረከከ።

«ወገኖቼ፣ ስሙኝ!» አለ። «ይህን ሰው እኔ ነኝ...»

ቤሊሳሪዮ ፈጥኖ ብብቱን ይዞ አነሣውና አቀፈው። ይቅር አለው ብሎ አደባባዩ በጭብጨባ ተናጋ።

«ዝም በል» አለው በጆሮው፤ «አዎ ማለቴን ከአንተ በቀር የሰማ የለም።»