ቁልቁለቱ ላይ የያዘው

ኤሌክትሪሺያኑ የታላቅ ወንድሙ የጭነት መኪና ላይ ሲሠራ አርፍዶ ከመሪው አጠገብ አንዲት ማብሪያ ተከለ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጎማዎቹን አይዝም ነበርና ሹፌሩ ወንድሙ ቁልቁለት በደረሰ ቁጥር ነፍሱ አፍንጫው ላይ ትደርስ ነበር። አሁን ግን ማብሪያዋን ሲጫን ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ይቆለፍና ሞተሩ መኪናውን ይይዛል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲሚንቶ ጭነው ሊሞክሩት ወጡ። ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ታላቁ ማብሪያዋን ተጫነ፤ መኪናው ያዘ። በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር የታናሹን የእጅ አንጓ ጨምድዶ ያዘው።

«ጋሼ፣ ቀልዱ ይቅርና እጄን ልቀቀኝ።»

«ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ናቸው፤ ምን ሆነሃል?» አለ ሹፌሩ፤ ደንግጦም ማብሪያዋን አጠፋት።

የታናሹ እጅ ተለቀቀ። መኪናው ግን ተፈተለከ፤ ፍሬኑም ግሎ አልይዝ አለ። ሹፌሩ ማብሪያዋን መልሶ ሲያበራት የወንድሙ አጥንት ቀጭ ሲል ሁለቱም ሰሙት።

«ላጥፋው?» አለ ታላቁ፣ ገደሉን እያየ።

«እንዳታጠፋው፤ ልጆችህን አስብ» አለ ታናሹ፣ የጃኬቱን ኮሌታ ነክሶ።

ሜዳው ላይ ደርሰው ቆሙ። ታላቁ ማብሪያዋን አጠፋ፤ ሞተሩንም አጠፋ፤ አልበቃው ብሎ ሽቦዋን በፒንሳ ቆረጣት።

«አሁንስ ለቀቀህ?»

ታናሹ እጅጌውን ሰበሰበ። ቆዳው በአምስት ጣቶች ልክ ሰርጉዷል። ሁለቱም እያዩት ስርጉዶቹ አንድ በአንድ ሞሉና፣ አጥብቆ ለመያዝ እንደሚሻ ሰው፣ ከፍ ብለው ክርኑ ላይ ሰረጎዱ።