ከባቡሩ ያወረድኩት ሰውዬ

«ዛሬ አፍህን ዝጋ» ትለኛለች አክስቴ ሌኦካዲያ፣ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ከእጄ ነጥቃ። «ጽሑፉን ራሴ አነባለሁ።»

የዓይኗ ሞራ ተገፎ ፋሻው የተፈታው ዛሬ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ያየችው መላጣዬን ነበር። «የአንበሳ ጋማ አለኝ ስትለኝ አልነበር?» አለችና ምርመራዋን ጀመረች። የእሁድ ሾርባችንን እስክንጨርስ አራት ውሸቶቼን አጋልጣለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እኔ ነበርኩ። በእኛ በፖላንድ የውጭ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፣ አንድ አንባቢ ብቻውን የሁሉንም ንግግር በደረቅ ድምፅ ይወጣዋል፤ ባልም እሱ፣ ሚስትም እሱ፣ ገዳይም ሟችም እሱ። የእኔ ፊልሞች ግን ከሥር የትርጉም ጽሑፍ እንጂ አንባቢ የላቸውም፤ ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ዜኖን ሆንኩ። ከባልቲክ ባሕር ወዲህ እንደኔ ያለ አንባቢ አልተፈጠረም። አሥራ አንድ ሺህ ፊልም አይቻለሁ፤ ግማሹን ያቃናሁት እኔ ነኝ።

ለምሳሌ አምና የተሸለመው፣ በግና ጭጋግ ብቻ የሚታይበት፦ ዳይሬክተሩ እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለት ግድያና አንድ ሰርግ ጨመርኩበት፤ አክስቴ አጨበጨበች። የዘንድሮው የጠፈር ፊልም፦ ሦስት ሰዓት ፍንዳታ። ካፒቴኑን የእኛው አገር የራዶም ከተማ ልጅ ሳደርገው ነፍስ ዘራ። ያ ድምፅ አልባው የጥንት አስቂኝ፦ እንከን የለሽ። እሱን እንኳ የዋሸሁበት በአክብሮት ነው።

አሁን የከፈተችው ግን የፈረንሳዩ ነው፣ የባቡር ጣቢያው። አርባ ጊዜ አስነብባኛለች።

አክስቴ ባሏ ለሦስት ወር ሥራ ብሎ ወደ ጀርመን፣ ሐምቡርግ በባቡር ተሳፍሮ በዚያው የቀረባት ሴት ናት። የዚህን ፊልም መጨረሻ ላነብላት ስል አፌ እምቢ አለኝ። ልጅቷን ትቶ የሚሄደውን ሰውዬ ከባቡሩ አወረድኩት።

እነሆ እኔ፣ ድብ በጡጫ የምጥለው ሰው፣ ሰበብ ፍለጋ እዳክራለሁ።

«አክስቴ፣ ይሄ ቅጂ ተበላሽቷል። መጨረሻው ተቆርጧል። ሌላ እንይ።»

«አንተ ቀጣፊ! ዝም በል፣ ልጅቷ መጣች።»

ባቡሩ ያፏጫል። ሰውዬው ይሳፈራል። ልጅቷ ከመስኮቱ ሥር ትሮጣለች፣ ትሮጣለች፣ ከዚያ ትቆማለች። ባዶ ሐዲድ። ሙዚቃ።

አክስቴ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች። እንደገና ታደርገዋለች።

«አይወርድም።»

«አዎ፣ አይወርድም።»

«አርባ ጊዜ ወርዶ ነበር እኮ።»

«እኔ ነኝ ያወረድኩት።»

ስድብ እጠብቃለሁ።

«ጠርጥሬ ነበር» ትላለች። «ከባቡር የወረደ ሰው አንተ እንዳስለፈለፍከው አይለፈልፍም።»

ፊልሙን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ልጅቷ ወደ ኋላ ትሮጣለች፣ ባቡሩ ተመልሶ ይገባል። አክስቴ አንድ ቦታ ታልፋለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ታልፋለች። የምትፈልገው ነገር አለ። በመጨረሻ ምስሉን ታቆመውና ወደ እኔ ጠጋ ትላለች።

«በል፣ አሁን እንደ ድሮህ አንብብልኝ።»

ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ሰውዬው የባቡሩን በር ይዞ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ገና መሬት ላይ ነው።